መብራቱን ያልጠበቀች አይጥ፦ ስለ ችኩልነት፣ ስለ ሱስ እና ስለ ሮብ ገበያ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ንግግርሽ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ከበድ ያለ ነገር አታምጪ» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይዤ የመጣሁት የአይጥ ምርምር ነው። አይዟችሁ፣ ስላይድ የለኝም። የማወራውም አይጥ ስለ መቅደድ አይደለም፤ አይጥ ትዕግሥት እንዳላት ስለ መለካት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ራሱን መግታት የማይችል ሰው ነው ወይ ሱሰኛ የሚሆነው፣ ወይስ ሱሱ ነው ራስን መግታትን የሚነጥቀው?

ይህን ጥያቄ ለምን እንደያዝኩት ልንገራችሁ። የተወለድኩት ሮብ ገበያ ነው። የማታውቋት ካላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ገበያዋ ረቡዕ ይቆማል። ገብሱም፣ ድንቹም፣ በጉም ይወርዳል፤ ጥግ ጥጉን ደግሞ አረቄ ቤቱ አለ። አሁን የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ሐሙስ ጠዋት ተረኛ የሆነ ሐኪም ትናንት ገበያ እንደነበረ ካርድ ሳይገልጥ ያውቃል። ራሱን የፈነከተ፣ ደም ያስታወከ፣ ሚስቱን የመታ፣ ከበቅሎ የወደቀ። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ደግሞ በየወሩ ተመልሰው የሚመጡ ናቸው።

በየሆስፒታሉ ራውንድ ላይ ስለ እነዚህ ተመላላሾች የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ይሄኮ ራሱን መግታት የማይፈልግ ሰው ነው።» ትንሽ የተማረ ቋንቋ ስንፈልግ «ትእዛዝ የማይቀበል ታካሚ» ብለን ካርዱ ላይ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኢንተርን ካርዱን ያነባል፤ ለሰውየው የሚሰጠው ጊዜ በአምስት ደቂቃ ያጥራል። አንዲት ቃል ካርድ ላይ ስትቀመጥ ምን እንደምታደርግ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ባሏን ይዛ የመጣች እናት እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተርዬ፣ እሱኮ ጾም የሚሽር ሰው አይደለም። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። ታዲያ ይቺን አረቄ እንዴት አቃተው?» (የምጠቅሳቸው ታካሚዎች የአንድ ሰው ታሪክ እንዳይመስሏችሁ፤ ከብዙዎች የተቀዳ ነው።) ጥያቄዋ ከራውንዱ ፍርድ በጣም የተሻለ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የሚታገሥ ሰው ትዕግሥት የለውም አይባልም። ምኑ ነው እንግዲህ የጎደለው? ወደ አይጦቹ የምሄደው ይህን ይዤ ነው።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሬቨር ሮቢንስ፣ ባሪ ኤቨሪት እና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት አንድ ሳጥን አለ። በሳጥኑ አንድ ግድግዳ ላይ አምስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አይጧ ፊቷን ወደ ቀዳዳዎቹ አዙራ አምስት ሰከንድ መጠበቅ አለባት። ከዚያ ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ለቅጽበት መብራት ብልጭ ይላል። አፍንጫዋን በበራው ቀዳዳ ከከተተች፣ ከኋላዋ ትንሽ የምግብ እንክብል ይወርድላታል። መብራቱ ሳይበራ ቸኩላ አፍንጫዋን ከከተተች ግን ምግቡ ይቀርባታል፣ የሳጥኑ መብራት ጠፍቶም ለአምስት ሰከንድ በጨለማ ትቀመጣለች። በቃ፣ ፈተናው ይህ ነው። ሕጉን ሁሉም አይጦች ይማሩታል። ችግሩ ሕጉን ማወቅ አይደለም፤ እስኪበራ መጠበቁ ነው።

ቀጥለው የሚጠበቀውን ጊዜ ከአምስት ወደ ሰባት ሰከንድ ያረዝሙታል። አብዛኞቹ አይጦች ትንሽ ይሳሳቱና ይለምዱታል። ጥቂቶቹ ግን ከ100 ሙከራ ከ50 ጊዜ በላይ መብራቱን ቀድመው ይገባሉ። በማግሥቱም እንደዚያው፣ ከሳምንት በኋላም እንደዚያው። ተመራማሪዎቹ እነዚህን «ችኩሎች» ብለው ለዩዋቸው። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ አንዲትም አይጥ ምንም ዓይነት ዕፅ አልቀመሰችም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጄፍሪ ዳሊ የመራው ቡድን «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ሥራ የእነዚህን ችኩል አይጦች አንጎል በፔት ስካን ያየ ነው። ኒውክለስ አኩምበንስ በሚገኝበት የአንጎል ክፍል፣ ዲ2 እና ዲ3 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች በችኩሎቹ ዘንድ ከሌሎቹ አነስ ብለው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ነው ኮኬይን በደም ሥር ራሳቸው እንዲወስዱ ዕድል የተሰጣቸው። ችኩሎቹ ከሌሎቹ የበለጠ ወሰዱ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የኮኬይን ሱሰኛ ሰዎች አንጎል ውስጥ እነዚህ ተቀባዮች ማነሳቸው ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። ግን ሰውን የምናየው ከታመመ በኋላ ነው። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ ከሰው ታካሚ ላይ ብቻ መለየት አይቻልም። በአይጥ ግን ከመጀመሪያው መነሳት ይቻላል። ዕፁ ሳይመጣ በፊት ልዩነቱ እዚያው ነበር። በእኔ አስተያየት የእንስሳት ምርምር ለሱስ ሕክምና ካበረከታቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ቀዳሚው ነው።

ቀጣዩ ሥራ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳቪድ ቤላን ከእነ ኤቨሪት ጋር ሆኖ ሁለት ዓይነት አይጦችን አወዳደረ። አንደኛዎቹ እነዚሁ መጠበቅ የማይችሉት ናቸው። ሁለተኛዎቹ አዲስ ቦታ ሲገቡ ሰፈሩን ሁሉ ካላካለሉ የማይቀመጡት፣ አዲስ ነገር ፈላጊዎቹ ናቸው። ኮኬይኑን በትንሽ መጠን ቶሎ የጀመሩት አዲስ ነገር ፈላጊዎቹ ሆኑ። ነገር ግን ጊዜ አልፎ ዕፁን ለመውሰድ ሲሞክሩ እግራቸውን የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲነካቸው ሲደረግ፣ ፈላጊዎቹ ተዉት። ሕመሙን ችለው የቀጠሉት እነዚያ መጠበቅ የማይችሉት ነበሩ።

እስቲ ይህን ወደ ሰፈራችሁ ውሰዱት። ወላጅ የሚሰጋው ስለ ደፋሩ ልጅ ነው፤ ዛፍ ላይ ስለሚወጣው፣ ሁሉን ካልሞከርኩ ስለሚለው። ከአይጦቹ እንደምንማረው ግን ቀድሞ የሚቀምሰው እና ተይዞ የሚቀረው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ደብረ ማርቆስ ከማያቸው ጠጪዎች ውስጥ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ዝምተኛ፣ ሠራተኛ፣ «ደህና ልጅ» የተባሉ ናቸው። ይህን ምርምር ነው አልልም፤ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ቬሮኒክ ዴሮሽ-ጋሞኔ፣ ቤላን እና ፒያትሳ ሌላ ነገር አሳይተው ነበር። ለሦስት ወር ያህል ኮኬይን እንደ ልባቸው ሲወስዱ ከቆዩ አይጦች መካከል፣ ሦስቱንም የሱስ መለኪያዎች ያሟሉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። መለኪያዎቹም ዕፁ እንደሌለ እያወቁ መፈለግን አለማቆም፣ ለማግኘት ከመጠን በላይ መልፋት፣ እየተቀጡም መቀጠል ናቸው። 41 በመቶ ያህሉ አንዱንም አላሟሉም። ሁሉም ያንኑ ዕፅ ወስደዋል፣ ያንኑ ያህል ጊዜም ቆይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ በቅንፍ ላስገባ። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት እንደሚቅሙ፣ ከሚቅሙት ውስጥ በየቀኑ የሚቅሙት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ይናገራል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁለቱን 17 ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳይቶኝ ነበር። እባካችሁ እንዳታደርጉት! በየቀኑ መቃምና እየተቀጡ መቀጠል አንድ አይደሉም፤ የቁጥሮቹ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሚቀምሰው ብዛት የሚያዘው ያንሳል።

ጫትን ካነሳን አይቀር፣ በፈተና ሰሞን ዶርም ውስጥ ስለነበረው ምርቃና ማን ምን እንደሚያስታውስ አልጠይቅም፤ መምህራኖቻችን ተቀምጠዋል። ግን ካቲኖን፣ ማለትም ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ፣ በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። የሬሰስ ዝንጀሮዎች ዕድል ሲሰጣቸው ካቲኖንን በደም ሥራቸው ራሳቸው እንደሚወስዱ ከ40 ዓመት በፊት በእነ ጆሃንሰን ሥራ ታይቷል። ስለዚህ የካምብሪጁ ሳጥን ነገር ለባሕር ዳር ዙሪያ የጫት ማሳዎች ሩቅ አይደለም።

«አረቄስ?» ትሉኛላችሁ። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ኦበርሊን እና ግሬም እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሥራ አለ። አልኮል እንዲወዱ ለብዙ ትውልድ ተመርጠው የተዳቀሉ ትናንሽ አይጦችን፣ አልኮል ከማይወዱት ጋር አወዳደሩ። ፈተናው «አሁን ትንሽ ወይስ ቆይቶ ብዙ?» የሚል ነው። አልኮል ወዳድ ዘር ያላቸው፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምሱ፣ ትንሹንና ፈጣኑን መረጡ።

እስካሁን ያልኩትን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው «አሃ፣ ስለዚህ ከተፈጥሮው ነው፣ ምንም አይደረግም» ብሎ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ ከራውንዱ ፍርድ የባሰ ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያወሳስቡትን ሥራዎች እዚህ ላይ ላምጣ።

አንደኛ፣ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። እነ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ከየትኛውም ዓይነት ጠባይ የተወሰዱ አይጦች ለተወሰነ ጊዜ ኮኬይን ሲሰጣቸው፣ ዕፁ ከቆመ ከወራት በኋላም «አሁን ትንሽ» የሚለውን መምረጥ ያበዛሉ። ስለዚህ ሐኪም ፊት የተቀመጠው ጠጪ ችኩል ሆኖ ሲታይ፣ ምን ያህሉ ድሮውንም የነበረ፣ ምን ያህሉ ደግሞ አረቄው የሠራው እንደሆነ በዚያ ሰዓት መናገር አይቻልም። ካርዱ ላይ ጠባይ አድርገን የምንጽፈው ነገር የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም ዕፅ አይሠራም። የዚያው የካምብሪጅ ቤት ሰዎች በ2010 ችኩል አይጦችን በሄሮይን ሲፈትኑ፣ ከሌሎቹ የባሰ ነገር አላገኙም። ይህን ያሳተሙት ራሳቸው መሆናቸውን እወድላቸዋለሁ።

ሦስተኛው የወንድማማቾች ጉዳይ ነው፤ ይሄ የሰው ጥናት ነው። ካረን ኧርሼ እ.ኤ.አ. በ2012 የአነቃቂ ዕፅ ሱሰኛ የሆኑ 50 ሰዎችን፣ እያንዳንዳቸውን ሱስ ከሌለበት ወንድማቸው ወይም እኅታቸው ጋር መረመረች። የጀመሩትን እንቅስቃሴ ወዲያው እንዲያቆሙ በሚጠይቀው ፈተና ሱሰኞቹ ደከሙ። ያልተጠበቀው ግን ሱስ የሌለባቸው ወንድምና እኅቶቻቸውም መድከማቸው ነው። የአንጎላቸውም መልክ ተመሳሳይ ነበር። እንግዲህ አንድ ማሕፀን፣ አንድ ድካም፤ አንዱ ሱሰኛ ሆነ፣ ሌላው አልሆነም። ሰው «ከዘራቸው ነው፣ አጎቱም እንደዚሁ ነበር» ሲለኝ ይህን እነግረዋለሁ። ከዘርም ቢሆን ዘሩ ሁሉ አልወደቀም፤ እስቲ ያልወደቀውን ወንድም ጠርተን ምን እንዳደረገ እንጠይቀው።

ከዝንጀሮ ወገን ደግሞ የማይክል ኔደር ቡድን በ2002 ያወጣው አለ። 20 ወንድ ማካክ ዝንጀሮዎች መጀመሪያ ለየብቻ ኖሩ፣ ከዚያ በአራት በአራት ሆነው አብረው እንዲኖሩ ተደረገ። ለየብቻ ሳሉ በዲ2 ተቀባይ ረገድ አይለያዩም ነበር። በቡድን ሲኖሩ ግን አለቃ የሆኑት ተቀባያቸው ጨመረ፣ ኮኬይንም ብዙ አልሳባቸውም። የበታቾቹ ተቀባይ ባለበት ቀረ፤ ዕፁንም እነሱ ወሰዱት። ይህን ሳነብ መሬቱን ያጣ፣ ከማኅበርም ከዕድርም የተገለለ፣ ሰው ሲያወራ የማይሰማው ሰው ትዝ ይለኛል። አንጎላችን ውስጥ ያለው ቁጥር በሰው መካከል ካለን ቦታ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ ልመለስ። ራስን መግታት አንድ ነገር አይደለም። እስኪደርስ መጠበቅ አለ፣ የጀመሩትን ማቆም አለ፣ ከአሁኑ ትንሽ የቆየውን ብዙ መምረጥ አለ። በአይጥ ላይ ስትለካቸው እርስ በርሳቸው ብዙም አይገናኙም፤ በአንዱ የወደቀች በሌላው ልታልፍ ትችላለች። ባልየው ሁዳዴን ሲጾም መጠበቁ ደህና ነው። ጾሙ ሰዓት አለው፣ ቤተ ክርስቲያኗ አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ይጠብቃል፣ ድስቱም አልተጣደም። ደግሞ እናስተውል፣ አረቄ የጾም ነው! ረቡዕ ራሱ ጾም ነው። ገበያተኛው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይታገሥና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ባዶ ሆድ ላይ አረቄውን ይጀምራል። የዳግም አረቄ ጥንካሬ 45 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የጎደለው መጠበቁ አይደለም፤ ከመጀመሪያው መለኪያ በኋላ ማቆሙ ነው። ስለዚህ «ትዕግሥት ይኑርህ» የሚለው ምክራችን ያለውን ነገር እንዲኖረው መምከር ነው።

ይህን ካወቅን ምን እናድርግ? እኔን በጣም የረዳኝ የእርግቦች ሙከራ ነው። ሃዋርድ ራክሊን እና ሊዮናርድ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ነው። ለእርግብ ሁለት ምርጫ ይሰጣታል፦ አሁኑኑ ለሁለት ሰከንድ እህል መልቀም፣ ወይም አራት ሰከንድ ጠብቆ ለአራት ሰከንድ መልቀም። ሁለቱ ፊቷ ሲቀርቡ እርግቧ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፈጣኑን ትመርጣለች። ቀጥለው ግን ከዚያ ምርጫ ቀደም ብሎ ሌላ ምርጫ ጨመሩላት። አንደኛውን ብትነካ ቆይታ ሁለቱም ይቀርቡላታል፤ ሌላኛውን ብትነካ ግን የሚቀርብላት ብዙው ብቻ ነው፣ ፈጣኑ ጨርሶ ይዘጋባታል። ጊዜው በቂ ሆኖ ሲራራቅ እርግቧ ፈጣኑን በራሷ ላይ መዝጋትን መረጠች። እህሉ ፊቷ ሲሆን የማትችለውን፣ እህሉ ሩቅ ሳለ ቻለችው።

ሮብ ገበያ ይህን ያለ እርግብም ያውቀዋል። ዕቁብ ምንድን ነው ታዲያ? ገንዘቡን እጅህ ላይ ሳለ ለዳኛው አስረክበህ በራስህ ላይ በሩን መዝጋት ነው። እኔም አሁን ለሚጠጣ ታካሚ «አረቄ ቤት በር ላይ ስትደርስ ምን ትላለህ?» ማለቱን ትቻለሁ፤ እዚያ በር ላይ ሲደርስ የሚወስነው ሰው ሌላ ነው። የምጠይቀው ስለ ረቡዕ ጠዋት ነው። «በጉን ስትሸጥ ብሩን ማን ይይዛል? ከማን ጋር ትወርዳለህ? በየትኛው መንገድ ትመለሳለህ? እህል መቼ ትቀምሳለህ?» አንዱ አያ እገሌ የምላቸው ትልቅ ሰው የዕቁቡን ዕጣ መክፈያ ረቡዕ ጠዋት እንዲሆን አስወስነው፣ ከገበያ በፊት ጨርሰው ይወርዳሉ። «ኪሴ ሲቀል እግሬም ይቀላል» አሉኝ። ሁልጊዜ ይሠራል ወይ? ኧረ አይሠራም። ዱቤ የሚባል ነገርም አለ። ግን ለብዙዎቹ ከስብከቴ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ የለብኝም፣ ሐኪም ላልሆናችሁትም ጭምር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በቁጣም ሆነ በስለት በአንድ ቀን ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ ላብ፣ የልብ መፍጠን ይመጣል፤ ይህ ሊገድል ይችላል። ጠበል የሚገባ ከሆነም ይግባ፣ እኔ አልከለክልም፤ መጀመሪያ ግን ጤና ተቋም ይምጣ፣ ታያሚኑንና ዲያዜፓሙን እንስጠው፣ ከዚያ ይሂድ። ከአገልጋዮቹ ጋር ተነጋግረን አብረን የሠራንባቸው ጊዜያት ደህና ሆነውልናል።

ይህን ነገር አንድ ጊዜ ሮብ ገበያ ላይ ለሰው ስናገር፣ አንድ ቄስ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ሰው ነፃ ፈቃድ አለው። ከአይጥ ጋር ታስተካክይዋለሽ ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ እዚህም በሳይንስ ቋንቋ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም። አይጧ ብቻዋን ሳጥን ውስጥ ናት። ዕዳ የላትም፣ ንስሐ አባት የላትም፣ ያፈረችበት ልጅ የላትም። ስለ ሰው ኃላፊነት ከአይጥ የሚገኝ መልስ የለም። እኔ ከአይጧ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰባቱን ሰከንድ መጠበቅ ለአንዷ ቀላል፣ ለሌላዋ ከባድ ነው፤ ልዩነቱም ዕፁ ሳይመጣ ጀምሮ ነበር። ሸክሙ እኩል ካልሆነ፣ የተሸከመውን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይሆንም። ቄሱም «ይሄስ ደህና ነው፤ ለንስሐም ቀኖና የሚሰጠው እንደ አቅሙ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ናቸው ታካሚ የሚልኩልኝ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አረቄ ድሮም ማስታወቂያ አልነበረውም፤ በጓዳ ይወጣል፣ በመለኪያ ይሸጣል፣ የምታወጣውም ልጆቿን የምታስተምርበት ሌላ ገቢ የሌላት ሴት ናት። እሷን በደንብ አስከባሪ ማባረር ለእኔ መፍትሔ አይመስለኝም። በዚህ የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሻይ ላይ እንከራከር።

የመጨረሻው ቃሌ ለመምህራኖቻችን ነው። ይህ ትምህርት ቤት ገና ተማሪ ሳለን በቡድን ሥልጠና ቆላ ድባ ድረስ ልኮን በሽታን ከነሰፈሩ እንድናይ ያስተማረን ነው። አሁን ደግሞ ከሰፈሩ ወደ ላብራቶሪው መልሳችሁ እንድትወስዱት እለምናለሁ። ባለ አምስት ቀዳዳ ሳጥን ውድ ፔት ስካን አይፈልግም፤ ብልህ አናጺ፣ ጥቂት አምፖል፣ ታጋሽ የማስተርስ ተማሪ ይበቃዋል። ችኩል አይጦች ለካቲኖን እንደ ኮኬይን ናቸው ወይስ እንደ ሄሮይን? ጾም አውላችሁ ባዶ ሆዷን የጠጣች አይጥ ከበላችው ይልቅ ማቆም ያቅታታል? ሁለተኛውን ጥያቄ ከእኛ አገር በተሻለ የሚጠይቀው ያለ አይመስለኝም።

ከሰው በኩል ያለውን እኔ ጀምሬያለሁ። ለሚጠጣ ታካሚ ሁሉ ሁለት ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ሳይጀመር መጠበቅ ነው የሚከብድህ ወይስ ከጀመርክ ማቆም?» እና «እንዳንተው ሆኖ ያልያዘው ወንድም ወይም እኅት አለህ?» መልሱ የሚጻፈው ለሕክምናው ነው፤ የታካሚው ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ሳይኖር ለጥናት አይነካም። ማመልከቻውን አብሮኝ የሚጽፍ ካለ፣ ከሻይ በኋላ በስተግራ ባለው በር አጠገብ ነኝ። ረቡዕ ቀን ግን አትደውሉልኝ፤ ለሐሙሱ ተኝቼ መነሳት አለብኝ።